የጄሶ ማግስት

ኻርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ስሜ በሁለት ዓይነት ይነሳል። አንዱ ወገን «አጥንት የምታስረዋ ዘነበች» ይላል፤ ሌላው «የአስተማሪዋን እጅ ያሽመደመደችው» ይላል። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሁለተኛው እየበዛ መጣ። ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ወሬው ብቻውን ይዞራል። ስለዚህ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼ አልጽፍም፤ እነሱ የሥራዬ አካል አይደሉም። ከአገሬ ለምን እንደወጣሁም አልጽፍም፤ ያን ጊዜ የወጣ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። የምጽፈው ስለ ጄሶ፣ ስለ ሁለት ሐኪሞችና ስለ አንዲት እጅ ነው።

ደሴ ሳለሁ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ እጠቀልላለሁ፣ የተሰበረ ሲመጣ ለሐኪሙ ደግፌ እይዛለሁ። ኻርቱም ስገባ ግን ያንን የሚጠይቀኝ አልነበረም። ዐማራት ሰፈር ውስጥ አንዲት እመቤት ቤት ወለል ስወለውል ከረምኩ። እመቤቲቱ ስሜን መያዝ አቅቷት «አንቺ ልጅ» ትለኝ ነበር፤ ያኔ ሠላሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ሞታለች አሉ። ነፍስ ይማር፤ ከዚህ በላይ የምላት የለኝም።

ከእሷ ቤት ወጥቼ እዚያው ሰፈር አንድ የግል የአጥንት ክሊኒክ በጽዳት ገባሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነው። አንድ ቀን ጄሶ የሚያስረው ሠራተኛ ሳይመጣ ቀረ፤ ክንዱ የተሰበረ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ያቃስታል፤ ዶክተር ኢድሪስ የሚይዝላቸው አጥተው በር በሩን ያያሉ። መጥረጊያዬን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩና የሽማግሌውን ክርን ያዝኩ። ዶክተሩ ጎትተው እስኪያስተካክሉ ድረስ አላነቃነቅኩትም።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«ደሴ ነው የተማርኩት።»

«ደሴ ምን ዓይነት አገር ነው?»

«ተራራ።»

«እንግዲያው ወዳቂ አይጠፋበትም» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ካፖርት ሰጡኝ። በሽተኞቹ ዘነበች ማለት ስለሚከብዳቸው ሲስተር ዜነብ አሉኝ። ለምጄው ነበር።

ጄሶ የውሃ ሥራ ነው፤ የኻርቱም ውሃ ደግሞ ባለጌ ነው። በሙቀቱ ወራት ከቧንቧ የሚወርደው ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው፤ በዚያ የነከሩት ጄሶ ገና እጅ ላይ ሳለ ይደርቃል። በብርዱ ወራት ደግሞ ከእንስራ የሚቀዳው ይቀዘቅዝና ጄሶው አልደርቅ ብሎ በሽተኛው ክንዱን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ዶክተር ኢድሪስ ባልዲው ውስጥ ክርናቸውን ነክረው ነበር የሚለኩት። ካልተስማማቸው ከቧንቧውም ከእንስራውም እየጨመርኩ አመጣጥናለሁ። ጥቅሉ በቁሙ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ አረፋው እስኪያበቃ ይጠበቃል። ሲወጣ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሀል ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፤ የጠመዘዙት እንደሆነ ነጩ ከውሃው ጋር ይፈስና ባዶ ጨርቅ ይቀራል። ጥጡ ላይ ሲዞርም አይጎተትም፤ ራሱ እንዲንከባለል ይተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጣት አይነካም፤ በመዳፍ ነው። ጣት የጫነው ቦታ በውስጥ በኩል ጉብታ ይሆንና ሥጋ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዶክተሩ ጣቴ ሲያርፍ ካዩ በእርሳስ ቋ ያደርጉኝ ነበር። አልወደድኩላቸውም። ትምህርቱ ግን ገብቶኛል።

ሌላው ልማዳቸው በሽተኛው እንዴት እንደወደቀ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስነገር ነው። አወዳደቁ የተሰበረውን ይናገራል ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ነጋዴ ተረከዙን ሰብሮ መጣና «ከአልጋ ወደቅሁ» አለ።

«አልጋህ ስንት ፎቅ አለው?» አሉት ዶክተር ኢድሪስ።

ሰውየው ሚስቱን አየ። ሚስቱ ናት የመለሰችው፦ «የጎረቤታችን አጥር ነው ዶክተር። የየትኛዋ ጎረቤት እንደሆነ እሱ ይንገርዎ።» ሳቄን ለመደበቅ አንገቴን ደፍቼ ጄሶውን ጠቀለልኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የጠዋቱ ነው። የተሰበረ እጅ የሚያብጠው ሲታሰር አይደለም፤ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቀን ልክ የነበረ ጄሶ ለሌሊቱ እንደ ጠባብ ጫማ ይሆናል፤ ጫማ ግን ይወልቃል። ስለዚህ ትናንት የታሰረ ሰው ሁሉ ዛሬ ጠዋት መምጣት ነበረበት። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። «ናስ እምባሪሕ» እንላቸዋለን፤ የትናንት ሰዎች ማለት ነው። ዶክተሩ ሻይ ሳይቀምሱ በተራ ያዩአቸዋል። ጥፍራቸውን ጫን አድርገው ይለቃሉ፤ የነጣው ቶሎ ከቀላ መልካም ነው። ቀጥለው ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ። ሰውየው በዚያች ትንሽ መዘርጋት ከጮኸ፣ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ጄሶውን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቁታል። ለዚህ የተለየ ክፍያ ጠይቀው አያውቁም። ማሰሪያው የሚያልቀው በማግስቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ አካባቢ የመንግሥት የጤና መድን መጣ፤ ተእሚን እንለዋለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። ወጌሻ ዘንድ ይሄድ የነበረ ጸሐፊና ዘበኛ ካርዱን ይዞ እኛ ዘንድ መምጣት ጀመረ፤ አግዳሚው አልበቃ ብሎ መሬት የሚቀመጥ ሆነ። ከዚያ ክፍያው እየተቀነሰ፣ የሚከፈልበትም ጊዜ እየራቀ ሄደ። ቁጥሩን አልዘበዝብም፤ የቆረጡት ሰዎችም በቁጥር ሲያወሩ ነው የኖሩት። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ መመሪያ መጣ። ለአንድ ስብራት አንድ ክፍያ ብቻ፤ በሽተኛው ከዚያ በኋላ ለምርመራ ቢመለስ የሐኪሙ ጉዳይ ነው ተባለ።

ሐኪሞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ማደንዘዣ የሚሰጠን ወደ ሳውዲ፣ ራጅ የሚያነበው ወደ ኳታር። አንድ ጎበዝ ወጣት ሐኪም ደግሞ የመኪና ዕቃ ሱቅ ከፈተ፤ እስከ ዛሬም ደስተኛ ነው ይባላል። ዶክተር ኢድሪስ አልሄዱም፤ ግን ጠዋት በከተማው ዳር ሶባ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ ዘንድ፣ ማታ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን መሥራት ጀመሩ። የትናንት ሰዎችም ከሰዓት በኋላ እስኪመጡ ይጠብቋቸው ነበር። መኪናቸውን ሸጡ። አንድ ቀን በሃፍላ፣ በሕዝብ ሚኒባስ ማለቴ ነው፣ ሲመጡ እግሩን ያሰሩለት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ዶክተር! መኪናዎ ታመመ እንዴ?»

«ተሸጠ።»

«አይዞዎት፣ እኔም በአንድ እግሬ እየሄድኩ ነው» ቢላቸው ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። ስልክ ደውለው «ትልቅ ሐኪም ከተራው ሰው ጋር ሲጋፋ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» አሉኝ፣ መኪናውን እኔ የሸጥኩት ይመስል።

አሁን ወደ ሙእተዝ ልምጣ። ሙእተዝ የክሊኒኩ ባለቤት ልጅ ነው፤ እሱም የአጥንት ሐኪም። ዶክተር የሚለውን ማዕረግ ከዩኒቨርሲቲ አግኝቶታል፤ እኔ ግን አልጨምርለትም። እጁ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። አባቱ ሲያረጅ አስተዳደሩን ያዘ። መመሪያው በመጣ ሰሞን አግዳሚውን አስነሥቶ በቦታው ጄኔሬተር አስተከለ።

«የትናንት ሰዎችስ የት ይቀመጡ?» አልኩት።

«የትናንት ሰው ትናንት ከፍሏል፤ ዛሬ የዛሬ ሰው ይግባ። ያላ፣ ቶሎ በይ ሲስተር፣ ወረፋው ረጅም ነው።»

ዶክተር ኢድሪስ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ከሶባ አቧራ ለብሰው፣ ሳይበሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ጄኔሬተሩን አዩት። «ያመመው ራሱ ይመጣል፣ ሲስተር» አሉኝና ገቡ። ይህን ያለው ሙእተዝ ቢሆን ባልገረመኝ።

ኡስታዛ ኢልሃም የመጣችው በዚያው ዓመት በዝናቡ ወራት ነው። ሶባ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከሃፍላ ስትወርድ ጭቃው አንሸራተታትና በቀኝ እጇ አረፈች፤ አንጓዋ ላይ ተሰበረ። ጨዋታ አዋቂ ነበረች። «ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሃፍላውን ያመሰግኑታል» አለችን። ዶክተር ኢድሪስ ጎትተው አስተካከሉት፤ እኔ ጄሶውን ጠቀለልኩ። ያን ጄሶ ዛሬም ቢያሳዩኝ አላፍርበትም። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ ምቹ ነው አለች።

«ከሳምንት በኋላ ነዪ፣ ኡስታዛ» አሏት ዶክተሩ፤ የኦምዱርማኑ ሰዓት ደርሶባቸው ነበር።

የሆነውን በኋላ ከራሷ ነው የሰማነው። ያን ምሽት አበጠ። አስተማሪ ናት፤ ታግሣ የመጨረስ ልማድ አላት። የተሰበረ አጥንት መቼስ ያማል ብላ ቻለችው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሶባ በጎርፍ ተዘጋች። ውሃው ጎድሎ ወንድሟ ተሸክሟት ሲመጣ ጣቶቿ ጠቁረው እንደ እንጀራ ሊጥ ተነፍተዋል። ዶክተር ኢድሪስ ጄሶውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ጣቷን ሲዘረጉት አልጮኸችም፤ እሱ ነው የከፋው፤ ጭራሽ አልተሰማትም። በዚያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድናት፤ እዚያ ክንዷን ከፍተው እብጠቱን አስተነፈሱት። እጇ ሳይቆረጥ ተረፈ። ጣቶቿ ግን እንደ ተቆለመሙ ቀሩ፤ ጠመኔ የማይዙ ሆኑ።

ወንድሟ ለተእሚኑ መሥሪያ ቤት ከሰሰ። መርማሪ እንደሚመጣ ሲሰማ ሙእተዝ ቢሮው ጠራኝ።

«አንቺ የሙያ ፈቃድ የለሽም፣ አይደል?»

«ስትቀጥሩኝም አልነበረኝም።»

«አየሽ፣ እኔ ላንቺ አስቤ ነው። አጥብቄው ነው በይ። ቤተሰቡን በሽማግሌ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺም ለጥቂት ጊዜ ቤትሽ ታርፊያለሽ። እምቢ ካልሽ ግን መርማሪው ወረቀትሽን ይጠይቃል፤ የመኖሪያሽንም ጭምር።»

ለእኔ ይህ ምን ማለት እንደነበር ስደተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እንጀራዬም፣ ስሜም፣ ኻርቱም መኖሬም በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠሉ። ያንን ቃል የሚያስተካክሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ዶክተር ኢድሪስ ደግሞ ያን ሰሞን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ውል መጥቶላቸዋል። ከሦስቱ ቦታ ሩጫ የሚያወጣቸው፣ ተእሚኑ የቀማቸውን የሚመልስ ውል ነው። የሚቀረው በሥራቸው ነቀፋ የለባቸውም የሚል ማረጋገጫ ነበር። እኔን አጥፊ ካደረጉ ማረጋገጫው ይወጣል። መናገር እንኳ አይጠበቅባቸውም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጄሶ ክፍሉ ውስጥ ዓይኔን ሳያዩ ሥራ ጀመሩ። «መቀስ» ይላሉ፤ አቀብላቸዋለሁ። በቃ።

በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ከድጃ የወሎ ልጅ ናት፤ ሳጃና ጎረቤቴም ነበረች። ከሙእተዝ ሾፌር ሰምታ ቀድማኝ ሰፈር ገብታለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ እውነት ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«አጠበቅሽው የሚሉት።»

«አንቺ ሻይሽን አወፍሪው፤ ውሃ ውሃ ይላል» አልኳትና አለፍኩ። ወሬውን ግን አላቆመችም። ከድጃ፣ ይህን የሚያነብልሽ ካገኘሽ፣ ሻይሽ ዛሬም ቀጭን ነው።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። መርማሪው፣ ሙእተዝና ዶክተር ኢድሪስ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ኡስታዛ ኢልሃም እጇን በመጎናጸፊያዋ ሸፍና ከወንድሟ ጋር ተቀመጠች። ለእኔ ወንበር ስላልመጣ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ሙእተዝ ጀመረ። «ጄሶው ጠብቋል። ያሰረችው ሲስተሯ ናት። በሐኪም በኩል ስሕተት የለም።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ያሰርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩና ዶክተር ኢድሪስን አየኋቸው። እሳቸው የጠረጴዛውን እግር ያያሉ። መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣ።

ኡስታዛ ኢልሃም ናት ያስቆመችው። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ሲታሰርልኝ አልጠበቀኝም። ቤቴ ገብቼ እራት ሠርቼበታለሁ። የጠበቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ እንደሚሆን የምታውቁት ነገር ነው ወይስ ለእናንተም አዲስ ነው?»

«ኡስታዛ፣ አላህ የጻፈው…» አለ ሙእተዝ።

«አላህን አልጠየቅኩም። የምታውቁት ከሆነ፣ ነገ ነዪ ሊለኝ ይገባ የነበረው ማን ነው?»

ተማሪ ፊት ቆማ እንደምትጠይቅ ነበር የጠየቀችው፤ ሳትጮኽ፣ መልስ እስኪመጣ ለመጠበቅ ተዘጋጅታ። ዶክተር ኢድሪስ ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጄሶው ልክ ነበር። ነገ ነዪ ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ ትቼዋለሁ።»

«ዶክተር፣ ኻላስ፣ ይበቃል፣ ደክሞዎታል…» ሙእተዝ ክንዳቸውን ያዘ። አስለቀቁት።

«ለምን ተዉት?» አለ መርማሪው።

«አትከፍሉበትም» አሉት። ቀጥለው ደግሞ «ግን ማንም ሳይከፍለኝ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ለእናንተ አላካፍልም» አሉ።

መርማሪው ጻፈ። ወረቀቴን ሳይጠይቅ ሄደ። ኡስታዛ ኢልሃም ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

የባሕረ ሰላጤው ውል ቀረ። ሙእተዝ ሁለታችንንም አሰናበተን፤ ለእኔ በዘበኛ አስነገረኝ። ዶክተር ኢድሪስ ደይም ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ እኔም እዚያ ገባሁ። ውለታ ልመልስ ብዬ አይደለም፤ ሥራ ስለሆነ ነው። ባለቤታቸው ከእኔ ጋር መነጋገር አቆሙ፤ ውሉን ከእጃቸው የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ።

ከሥራ ዘመኔ መልካሙ ያ ነበር ብል ማንም አያምነኝም። ከመሰላል የወደቁ የቤት ሠራተኞች፣ ኳስ ሲጫወቱ ክንዳቸውን የሰበሩ ጎረምሶች፣ አሮጊቶች ይመጡ ነበር። የተእሚን ካርድ የያዘውንም አልመለስንም። ሐኪሙ ሀብታም አልሆኑም፤ መኪናም አልገዙም፤ ሴት ልጃቸው ግን ሕክምና ተምራ ወጣች። ጠዋት ጠዋት የትናንት ሰዎችን ሳናይ ሻይ አንጠጣም ነበር። አንዳንድ ቀን ከእነሱ ውስጥ አንዱ ሲጮኽ ዶክተሩ መቀሱን ሳይጠይቁኝ አቀብላቸዋለሁ። ሰው ከሥራው ሌላ ምን ይፈልጋል? እኔ ጠግቤ ነው የወጣሁት።

ኡስታዛ ኢልሃም በግራ እጇ መጻፍ ተማረች፤ ዛሬም ታስተምራለች ይባላል። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። ዓይታኝ ፊቷን አዞረች። መብቷ ነው። ሙእተዝ ክሊኒኩን ሸጦ ያንኑ ባሕረ ሰላጤ ራሱ ሄደበት። ተመችቶታል አሉ።

የዶክተር ኢድሪስ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክፍሉን ለመዝጋት ተስማማን። በመጨረሻው ቀን ዕቃ ስንሰበስብ ወንበር ላይ ተቀመጡና «ሲስተር፣ ሳንለያይ የምትጠይቂኝ ነገር አለሽ» አሉኝ።

«አለኝ። እነዚያን ቀናት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልተውሽ ነበር» አሉ። «ስብሰባው የገባሁት ዝም ልል ወስኜ ነው። ያቺ ሴት ባትጠይቅ ኖሮ ዝም እንዳልኩ እወጣ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አብረሽኝ ሠራሽ?»

«እየተቆጣሁ።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ተነሥተው በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉን ለአከራዩ መልሰን እስከ ሃፍላው ማቆሚያ አብረን ሄድን። ቀድመው እኔን አሳፈሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእሳቸው ላይ የያዝኩት ቂም የለም። ሙእተዝ ግን የሚለው ካለው ቤቴን ያውቀዋል።